የአስም ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት ትንፋሽ ስለ መለካት

አስም ማለት አየር ወደ ሳንባ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ሲያብጡና ሲጠቡ የሚመጣ ሕመም ነው። ሕመሙ ያለበት ልጅ ሌሊትና ንጋት ላይ ያስለዋል፤ ደረቱም ሲር ሲር ይላል፤ ሲሮጥ ቶሎ ይደክመዋል። ነገር ግን ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ በደኅናው ቀን ልጁ ከጓደኞቹ አይለይም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ተብሎ ይወቀሳል። ይህ እንዳይሆን ትንፋሽን በቍጥር መለካት ይገባል። መለኪያውም ሦስት ወገን ነው።

መጀመሪያው ስፓይሮሜትር ነው። ይህን ጆን ሐችንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. አሳወቀው። ልጁ አየር በሙሉ ስቦ በኀይል እስኪጨርስ ይተነፍሳል፤ መሣሪያውም የወጣውን አየር ሁሉ፥ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣውን ለይቶ ያሳያል። ቧንቧው የጠበበ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ሴኮንድ ድርሻ ያንሳል። ሳልቡታሞል የሚባለውን መድኃኒት ስቦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሲለካ ይህ ድርሻ በግልጥ ከጨመረ፥ ነገሩ አስም ለመሆኑ ምስክር ነው። ከሦስቱም ይህ ይበልጥ የታመነ ነው፤ ነገር ግን የሠለጠነ ለኪ ይሻል፤ ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም።

ሁለተኛው ፒክ ፍሎው ሜትር ነው። በእጅ የሚያዝ፥ ዋጋው የቀለለ ነው። ልጁ ቆሞ ሦስት ጊዜ በኀይል ይነፋል፤ ከሦስቱ ትልቁ ቍጥር ይጻፋል። ጧትና ማታ ተለክቶ ቍጥሩ እጅግ ከተለያየ አስም ያጠራጥራል። ጕድለቱም ልጁ በደከመ አነፋፍ ከነፋ ቍጥሩ በሐሰት ማነሱ ነው።

ሦስተኛው ኦሲሎሜትሪ ነው። ልጁ በዝግታ ሲተነፍስ መሣሪያው ቀጭን የድምፅ ሞገድ ወደ ሳንባው ልኮ የቧንቧውን መጥበብ ይመረምራል። በኀይል መንፋት ስለማያስፈልግ ከ3 ዓመት ጀምሮ ላለ ሕፃን ይሆናል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

በስሜን አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሐሪሰንና ባልንጀሮቹ በ1969 እ.አ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ በ3,000 ሜትር ገደማ የሚኖረውን የደባርቅን ሰው በ1,500 ሜትር ገደማ ከሚኖረው ከአዲ አርቃይ ሰው ጋር አስተያይተው፥ የደገኛው ደረትና ሳንባ ሰፋ ያለ መሆኑን አገኙ። እንግዲህ በቈላ ልጅ ልክ የደጋን ልጅ ብንመዝን፥ ቧንቧው ጠቦ ሳለ ደኅና ሊመስለን ይችላል። ደግሞም የደጋ አየር ስስ ስለ ሆነ፥ ፒክ ፍሎው ሜትር ከእውነተኛው አሳንሶ ይናገራል። ስለዚህ በደባርቅም በዳባትም ልጁን ከራሱ ከደኅና ቀን ቍጥር ጋር፥ በአንድ መሣሪያና በአንድ ስፍራ ማስተያየት ይሻላል።

አስተማሪዎች ሆይ፥ በደኅናው ቀን ልኩ መልካም የሆነ ልጅ አስም የለበትም ብላችሁ አትፍረዱ፤ ልጁ የሚያስልበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። ወላጆቹንም ከእንጨትና ከኩበት ጢስ እንዲያርቁት ምከሩ። ልጁ መናገር ቢያቅተው ወይም ከንፈሩ ቢጠቍር ግን መለኪያ አትጠብቁ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።