ስለ አደን ጠመንጃ የመሰወሪያ ቅብ

በአገራችን ልማድ ጠመንጃ የክብር ዕቃ እንደ መሆኑ መጠን፣ ባለቤቱ ሰደፉን በናስና በብር አስጊጦ፣ አፈሙዙን ወልውሎና ዘይት ቀብቶ፣ በበዓልና በሠርግ ቀን በትከሻው አንግቶት ሲወጣ ያየው ሁሉ እንዲያደንቅለት ይሻ ነበርና፣ እዚህ ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቼ የአደን ጠመንጃዬ በቡናማና በአረንጓዴ ቀለም ተዥጎርጉሮ ባዩት ጊዜ «ይህን የመሰለ ጥቁር ብረት ስለ ምን አበላሸኸው?» ብለው መጠየቃቸው አያስገርምም። ጥያቄው ስለ ተደጋገመ፣ ለእያንዳንዱ በቃል ከመመለስ ይልቅ መልሱን በዝርዝር ጽፌ እዚህ ላኖረው ወደድሁ። አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ የክብር ጠመንጃ ይታይ ዘንድ ተሠራ፣ የአዳኝ ጠመንጃ ግን ሊሰወር ይገባዋል፤ ካሙፍላጅ የምንለው የመሰወሪያ ቅብም ዘመን የሚሻገረው፣ ቀለሙ ከመነፋቱ በፊት ብረቱ በተደረገለት ንጽሕና ልክ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዝገት መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው ይህ ቅብ ከአውሬ ዓይን ለመደበቅ ብቻ የተፈለሰፈ ይመስለዋልና። በአዲስ ጠመንጃ ላይ የምናየው ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መልክ ከቶ ቀለም አይደለም፤ ብረቱ ኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ጨው በተበጠበጠበት በጋለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ፣ ገጹ ራሱ ወደ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል፤ ይህም ቆዳ እጅግ ስስና ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ስለ ሆነ፣ ዘወትር ዘይት ካልጠጣ በቀር እርጥበትን ብቻውን ሊመክት አይችልም። በኅዳር ወር በሰሜን ሚኒሶታ ደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ የዋለ ጠመንጃ፣ ማታ እሳት ወደሚነድበት ጎጆ በገባ ጊዜ፣ በሞቀው አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ ጤዛውም መወልወያ ጨርቅ ወደማይደርስበት፣ በሰደፉና በብረቱ መካከል ወዳለው ጠባብ ስፍራ ሰርጎ ያድራል። አደኑ ካበቃ በኋላ ጠመንጃው ሲፈታ የሚገኘው ቀይ ዱቄት መነሻው ይኸው ነው። ስለዚህ ጽኑ ቅብ የመጀመሪያ ግብሩ ብረቱን ከአየርና ከውሃ መለየት ሲሆን፣ ኅብሩ በዚያ ላይ የሚደረብ ጸጋ ነው።

ለዚህ ሥራ በገበያ የሚገኙት ቅቦች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። ስሙ ከሁሉ የገነነው በኦሪገን፣ በዋይት ሲቲ የሚሠራው ሴራኮት ነው፤ ደቃቅ የሴራሚክ ብናኝ ከፖሊመር ጋር የተዋሐደበት ሆኖ፣ በምድጃ የሚጸናው ዓይነት ከማጠንከሪያው ጋር ተመጥኖ ከተነፋ በኋላ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 2 ሰዓት ያህል ይቆያል። ውፍረቱም 25 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር 40ኛ እጅ ብቻ በመሆኑ፣ በልክ የተገጣጠሙትን ክፍሎች አያጣብቅም። በሁለተኛው ወገን በጎረቤታችን በዊስኮንሲን፣ በቺፕዋ ፎልስ የተወለደው ዱራኮት ይቆጠራል፤ እርሱ ምድጃ ሳይሻ በክፍሉ አየር ይደርቃል፤ ነገር ግን በጣት ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ፍጹም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፣ ለኅዳር አደን የሚያስብ ሰው በሐምሌ ሊጀምር ይገባዋል። ሦስተኛው በየዕቃ መደብሩ በጣሳ የሚሸጠው ተራ የስፕሬይ ቀለም ነው፤ ዋጋው የረከሰ፣ አሠራሩም የቀለለ ሲሆን፣ የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ሲነካው ይለቃል፣ እጅ በሚጨብጠው ስፍራም ቶሎ ይፋቃል፤ መልኩን በየወቅቱ ለመለዋወጥ ለሚወድ ሰው ግን ይኸው ድካሙ ጥቅም ይሆንለታል።

ሥራው የሚጀመረው ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን፣ ካዝናውም ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም በማረጋገጥ ነው። ከዚያ በኋላ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ይነሣል፣ መቀባበያው ይወጣል፣ ብረቱም ከሰደፉ ይለያል፤ የቃታው መሣሪያ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ቅብ ስለማይወዱ ተነቅሎ ለብቻው ይቀመጣል። ብረቱ በአሴቶን ከታጠበ በኋላ በ150 ዲግሪ ገደማ ሙቀት 1 ሰዓት ያህል ምድጃ ውስጥ ሲቆይ፣ በብሎን ቀዳዳና በመጋጠሚያ ተሸሽጎ የኖረው ዘይት እንደ ላብ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ዳግመኛ ይታጠባል። አፈሙዙና ጥይት የሚጎርሰው ቤት በላስቲክ ውታፍ ተደፍነው፣ የብሎን ጥርሶችና መቀባበያው የሚንሸራተትበት መስመርም ተሸፍነው፣ 100 ቁጥር የሚባለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ በአየር ግፊት ሲረጭበት የድሮው ጥቁር ቆዳ ይገፈፋል፤ ብረቱም ግራጫና ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ቅቡ የሚይዘው ይህን ሻካራነት ነው፤ በለሰለሰ ብረት ላይ የተነፋ ቀለም የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይላጣልና። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጅ አይነካውም፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ነጥብ ከጊዜ በኋላ ቅቡ መነሣት የሚጀምርበት ነጥብ ይሆናል። ከጠቅላላው ድካም እጅግ የሚበዛው በዚህ ዝግጅት ያልፋል፤ መርጫው በእጅ የሚያዝበት ጊዜ አጭር ነው።

የፕላስቲክ ሰደፍ የብረቱን ሙቀት ስለማይችል፣ ወይ ዝቅ ባለ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ወይ በአየር በሚደርቅ ቅብ ይቀባል። ለሥራው የዋለ ምድጃ ከእንግዲህ እንጀራም ዳቦም አይገባበትም። በአንዳንድ ማጠንከሪያዎች ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የሚባለው ንጥረ ነገር የአስም በሽታን የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ ተራ የወረቀት ጭንብል አይበቃም፤ ለኬሚካል ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብልና አየር የሚዘዋወርበት ስፍራ የግድ ያስፈልጋል።

ወደ ኅብሩ ስንመጣ፣ የመሰወርን ጥበብ ለወታደሮች ያስተማሩት ሠዓሊዎችና የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት መሆናቸው ሊታወስ ይገባል፤ ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ቴየር ከልጁ ጋር በ1909 ባወጣው መጽሐፍ፣ የብዙ አራዊት ጀርባ ጠቁሮ ሆዳቸው የነጣው ከላይ የሚወርደው ብርሃንና ከታች የሚያርፈው ጥላ እንዲተካከሉ መሆኑን ገለጠ፤ በ1915 የፈረንሳይ ጦር ሠዓሊውን ጊራን ደ ሴቮላን አለቃ አድርጎ የመሰወሪያ ክፍል አቋቋመ፤ በ1940 ደግሞ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ሂው ኮት፣ ዓይን አንድን ግዙፍ ነገር የሚለየው በዳር መስመሩ በመሆኑ መስመሩን የሚቆራርጥ ኅብር ከሁሉ እንደሚሰውር በሰፊው አስረዳ። በአገራችን ቆላ አጋዘን ቁጥቋጦ ተጠግቶ ሲቆም፣ በጎኑ የወረዱት ነጫጭ ሸንተረሮች አካሉን ከፋፍለው ከጭራሮው ጋር ሲያዋሕዱት ያየ ሰው ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ጠመንጃን በደን ውስጥ የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በተፈጥሮ ዘንድ ብርቅ የሆነው ቀጥተኛ መስመሩና የብረቱ ነጸብራቅ። ነጸብራቁን የማያብለጨልጭ ቅብ ያጠፋዋል፤ መስመሩን ለመስበር ግን ጥበብ ያስፈልጋል። ቀለሙ አፈሙዙን ተከትሎ በርዝመቱ ቢወርድ መስመሩን ያጎላዋል እንጂ አይሰውረውም፤ ስለዚህ ሰፋፊ ነቁጦች አግድም እያዘነበሉ፣ ከሰደፉ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱም ወደ መነጽሩ ቱቦ ሳይቋረጡ ሊሻገሩ ይገባል። ከሁሉ የፈካው ቀለም በመላው ላይ አስቀድሞ ይነፋል፤ ቀጥሎ መካከለኛው የደረቀ ቅጠል ወይም መረብ ተጋርዶበት ይረጫል፤ ጥቁሩ በመጨረሻ፣ ያውም በጥቂቱ ይገባል፤ የጠመንጃው ሆድ ከጀርባው ይልቅ ፈካ ቢል መልካም ነው። ቢል ጆርዳን በሪልትሪ፣ ቶክሲ ሃስ በሞሲ ኦክ ስም በ1986 ያወጧቸው የዛፍ ልጥና ቅጠል የሚመስሉ ኅብሮች በቅርብ ሲያዩዋቸው እጅግ ያምራሉ፤ እኔ ግን ለጠመንጃ ትልልቁን ነቁጥ እመርጣለሁ፤ ጥቃቅኑ ሥዕል ከሩቅ ሲታይ ተቀላቅሎ አንድ ጥቁር እንጨት ይሆናልና።

እዚህ ሚኒሶታ የምናድነው ዋላ፣ ዓይኑ እንደ እኛ ዓይን አይደለም። ቀለም የሚለይበት ሥርዓት ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ቀይና ብርቱካናማ ለእርሱ የደበዘዙ ናቸው፤ ሰማያዊን ግን አጥርቶ ያያል፤ ስለዚህ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከጠመንጃ ቅብ ሊወገድ ይገባል። የሚኒሶታ ሕግ በጠመንጃ አደን ወራት ከወገብ በላይ ያለው ልብስና ቆብ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን ማለቱም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ዋላው ሳይደነግጥ ሌላው አዳኝ ሰውየውን ከሩቅ ይለየዋል። ጠመንጃው ቢሰወር ሰውየው ግን ለሰው ገሃድ መሆን አለበት። ደግሞም የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጠመንጃን መለያ ቁጥር ማጥፋትን ስለሚከለክል፣ ቁጥሩ በቅቡ ሳይደፈን በግልጥ የሚነበብ መሆኑ ሥራው ሲያልቅ ይመርመር።

ሁሉ ከጸና በኋላ ክፍሎቹ ይገጣጠማሉ፤ ውታፎቹ መውጣታቸውና አፈሙዙ ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል፤ መቀባበያው በባዶው እየተመላለሰ አለመያዙ ይፈተናል፤ መነጽሩ ተነሥቶ ስለ ነበረ ወደ ደን ከመሄድ በፊት በኢላማ ላይ እንደገና ይስተካከላል። ቅብ ያልደረሰው የአፈሙዙ ውስጥ እንደ ቀድሞው መወልወልና ስስ ዘይት ይፈልጋል፤ ብረቱ ቀለም ለበሰ ብሎ ይህን የሚተው ሰው ገንዘቡን በከንቱ አፍስሷል። የእንጨት ሰደፍ ጠባዩ ከብረትም ከፕላስቲክም የተለየ ስለ ሆነ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው፤ የአባቱን ወይም የአያቱን የእንጨት ሰደፍ መቀባት ያሰበ ሰው ካለ፣ በዚያ ላይ እስክጽፍ ድረስ መርጫውን ባያነሣ እመክረዋለሁ።