«ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው?»፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የዳሰሳ መጠይቅን ስለ ማዘጋጀት

በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመቂ ወይም በባቱ ስለ መጠጥ ውሃና ጤና የሚካሄድ የዳሰሳ ጥናት፣ ከመጠይቁ የመጀመሪያ ገጾች በአንዱ ላይ ይህን የመሰለ ጥያቄ ይይዛል፦ «የቤተሰቡ ዋነኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ምንድን ነው?» ከሥሩ የምርጫዎች ዝርዝር ይከተላል፤ ቤት ውስጥ የገባ ቧንቧ፣ የግቢ ቧንቧ፣ ቦኖ፣ በማሽን የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ክዳን ያለው የእጅ ጉድጓድ፣ የጎለበተ ምንጭ፣ ወንዝ። ዝርዝሩ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ከሚመሩት የውሃና የንጽሕና አጠባበቅ ክትትል መርሐ ግብር የመጣ ሲሆን በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችም አገልግሏል። በብዙ አገር የተፈተነ መሆኑ ለድኅረ ምረቃ ተማሪው መተማመኛ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ የተፈተነው ለምን ዓላማ እንደሆነ ሳይጠይቁ መዋስ፣ መልስ የተገኘለትን ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ እንደ መለሱ ማሰብን ያስከትላል።

ዝርዝሩ የውሃ ምንጮችን «የተሻሻለ» እና «ያልተሻሻለ» ብሎ የሚከፍለው፣ የግንባታው ዓይነት ውሃውን በሰው ዐይነ ምድርና በመሰል ብክለት ከመነካት ምን ያህል ይጠብቀዋል በሚል መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ጥልቅ ጉድጓድ «የተሻሻለ» ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ዋናው አደጋ ከላይ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ አለቶች ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚሟሟው ፍሎራይድ ነው። ስለዚህ ፍሎሮሲስን የሚያጠና ሰው ይህን ክፍፍል እንዳለ ከወሰደ፣ ለከፍተኛ ፍሎራይድ የተጋለጠውን ቤተሰብ ከተጠበቀው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል።

ጉዳዩ ተራ የአመዳደብ ስሕተት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ በሊትር ከ1.2 እስከ 36 ሚሊግራም የሚደርስ ፍሎራይድ እንደ ተገኘ፣ ከፍተኛው መጠንም በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ጉድጓዶች እንደ ነበረ ገልጸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 1.5 ሚሊግራም ነው። በናሙናው ከተካተቱት ሕፃናት መካከል ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ የኖሩት ከ80 በመቶ በላይ የጥርስ ፍሎሮሲስ ታይቶባቸዋል። የአጥንት ፍሎሮሲስ የታየው ደግሞ ያንን ውሃ ከአሥር ዓመት በላይ በጠጡ ሠራተኞች ላይ ነው። አንባቢው «ከተወለዱ ጀምሮ» እና «ከአሥር ዓመት በላይ» የሚሉትን ሐረጎች ልብ ይበል። ሁለቱም የተገኙት ሰውየው ዛሬ ምን እንደሚጠጣ በመጠየቅ አይደለም።

ቋሚ ጥርሶችን የሚሸፍነው ኢናሜል በአመዛኙ ተሠርቶ የሚያልቀው ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለመቀጠር ከደጋ አገር የመጣ ጎልማሳ ሠላሳ ዓመት የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ጥርሱ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ወገቡ ግን አልታጠፍ ብሎት ይሆናል። እዚያው የተወለደው ልጁ በተቃራኒው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ አጥንቱ ገና ጤነኛ ነው። የአዳማ ከተማም በአብዛኛው ከጉድጓድ ውሃ ወደ ተጣራ የአዋሽ ውሃ የተሸጋገረች ስለሆነች፣ «የግቢ ቧንቧ» የሚለው የዛሬ መልስ ስለ ሠላሳ ዓመቷ እናት የልጅነት ውሃ አንዳች አይናገርም። ለጥርስ አንድ ጥያቄ፣ ለአጥንት ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የመኖሪያ ታሪክን የሚጠይቁ ናቸው።

ታሪክን መጠየቅ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በሕዝብና ቤት ቆጠራዎቻችን ዕድሜዎች በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ተከማችተው መገኘታቸው የታወቀ ነው። «በስንት ዓመትዎ ወደዚህ መጡ?» የሚል ጥያቄ ያንኑ ክምችት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢውን ሁነቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሰናዳት ይበጃል፤ የ1966ቱ አብዮት፣ የደርግ መውደቅ በግንቦት 1983፣ የሚሊኒየሙ መስከረም፣ ቦኖው ሠፈሩ የገባበት ዓመት። መላሿ «ያኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር» ካለች፣ ቁጥሩን ከምትገምተው ይልቅ የተሻለ መረጃ ሰጥታለች። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ናዝሬትና አዳማ፣ ዝዋይና ባቱ በመረጃ ቋቱ ውስጥ አራት ከተሞች ሆነው እንዳይገቡ ኮዱ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የቃላት ነገር ነው። «ቧንቧ» ስንል የግቢ ቧንቧን፣ የጎረቤትን ቧንቧ፣ ቦኖንም እንላለን። «ጉድጓድ» በእጅ የተቆፈረውንም በማሽን የተቆፈረውንም ያጠቃልላል፤ የፍሎራይድ መጠናቸው ግን እጅግ ሊለያይ ይችላል። በአፋን ኦሮሞ ለውሃ ጉድጓድ «ኤላ» የሚል ቃል አለ፤ «ቦላ» ግን ማንኛውም ጉድጓድ ነው። ተርጓሚው «ኤላ»ን ቢመርጥ መላሹ በእጅ የተቆፈረውን ብቻ አስቦ፣ ፓምፕ የተተከለበትን ጥልቅ ጉድጓድ ሊተወው ይችላል። ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የመልሶ ትርጉም ዘዴ ይህን ጉድለት ላያሳይ እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ ሁለተኛው ተርጓሚ «ኤላ»ን «ጉድጓድ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሰነዶቹም ፍጹም ተመሳሳይ ይሆናሉ። የሚሻለው ቃሉን ትቶ ቦታውን መጠየቅ ነው፦ «ትናንት ውሃ የተቀዳው ከየት ነው? በስም ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ሰው ቦኖውንና ጉድጓዱን በስም ያውቀዋል፤ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ መወሰን የአጥኚው ሥራ እንጂ የመላሹ አይደለም።

ማጣሪያ የታደላቸው ቤተሰቦች ሲጠየቁም ጥንቃቄ ያሻል። «ማጣሪያውን ትጠቀሙበታላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ጨዋ ሰው «አዎ» ይላል፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ነውና። «ዛሬ ጠዋት ቡናው የተፈላው በየትኛው ውሃ ነው?» ማለት ግን የሚያሳፍርም የሚያስመሰግንም መልስ የለውም። በዚያ ላይ አጥኚው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ነገር ያመጣል፤ ፍሎራይድ በብርጭቆ ከሚጠጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን በቡና፣ በሻይና በወጥም ይገባል፤ ሻይ ቅጠሉ ራሱም ፍሎራይድ አለው።

በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ «መጠይቁ ከናሙናው 5 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ በአጎራባች ከተማ ቅድመ ሙከራ ተደርጎበት አስፈላጊው ማሻሻያ ተደርጓል» የሚል ዐረፍተ ነገር እናነባለን። ምን እንደ ተሻሻለ ግን አይነገርም። አዳማ ላይ የሚሠራበት መጠይቅ ሞጆ ላይ ሲሞከር ጊዜውና የገጹ ቅደም ተከተል ይፈተሽ ይሆናል፤ መላሹ ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዳው ግን የሚታወቀው ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን ስጠይቅዎ ምን አሰቡ?» በማለት ብቻ ነው። ክሮንባክ አልፋ 0.7 መድረሱም ይህን አይተካም። ሁሉም መላሾች አንድን ጥያቄ በአንድ ዓይነት መንገድ ቢሳሳቱት አልፋው ከፍ ብሎ ይገኛል።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ልጨምር። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ባለፉት አምስት ዓመታት ለተወለደ ልጅ ብዙ ተጨማሪ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። መረጃው ሲመረመር በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች የአንዳንድ ልጆች የልደት ዓመት ከወሰኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ተገኝቷል፤ ሥራ የበዛበት ጠያቂ ልጁን በአንድ ዓመት ማስረጀቱ ገጾችን ያሳጥርለታልና። ከላይ የጠቀስነው የመኖሪያ ታሪክም ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ገጽ የሚያስሞላ ከሆነ፣ በሰነዱ ላይ የአዳማ ነዋሪ ሁሉ አዳማ የተወለደ ሆኖ ይገኛል። ለጥርስ እስከ ስምንት ዓመት የኖረበትን፣ ለአጥንት ከአሥር ዓመት በላይ የቆየባቸውን ቦታዎች ብቻ መያዝ ይበቃል።

ስለ ጥርስ መልክ የሚጠይቁት ጥያቄዎች፣ በተለይ ወጣት ሴቶች ባሉበት ቤት፣ በመጨረሻ ይምጡ፤ ለብቻቸውም ይጠየቁ። ጠያቂው ከመሰናበቱ በፊት ቤተሰቡ ከሚጠጣበት ጄሪካን ናሙና ይውሰድ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚዋሐድ የብርጭቆ ጠርሙስ ውጤቱን ያዛባል። በላዩም የመጠይቁን መለያ ቁጥርና መላሹ የጠራውን የቦኖውን ወይም የጉድጓዱን ስም ይጻፍበት።