የወላይታ ቀይ አፈርና የድኅረ ዶክትሬት ምርምር

በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በዝሆኔ ሲያዝ ሌላው ጤነኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ይህ የእግር እብጠት ተላላፊ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው እንደሚያስከትሉት ይታመናል። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽረው፣ ተጋላጭነቱ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ከሚመሩ ዘረ መሎች ጋር እንደሚያያዝ በ2012 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ተመራማሪው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ሠርተዋል፤ ድኅረ ዶክትሬት ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ በነባር ተመራማሪ ሥር ለጥቂት ዓመታት የሚካሄድ ምርምር ነው። ሆኖም ተጋላጭ ዘር ያለው ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ በሽታውን ይከላከላል። ውድ ተማሪዎች፣ ቤተ ሙከራው ባሕር ማዶ ቢሆንም ጥያቄው ከደጃችሁ ሊነሣ ይችላል።