የባቄላ ሥርና የካልሲየም መልእክት

ስንዴና ገብስ ተደጋግሞ ተዘርቶበት የደከመውን መሬት ባቄላ ወይም አተር እየዘሩ ማበርታት ገበሬያችን ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። ሊቃውንትም የዚህን ጥበብ ምክንያት በመረመሩ ጊዜ፥ በዐይን የማይታይ ታላቅ ሥራ በሥሩ ውስጥ ሲሠራ አገኙት።

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን ሊያድግ አይችልም፤ ነገር ግን ከአየሩ በቀጥታ ወስዶ ሊመገበው አልተሰጠውም። ለባቄላና ለወገኖቹ ይህን ምግብ የሚያዘጋጁላቸው በሥራቸው እባጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ተክሉም በፈንታው ስኳር ይመግባቸዋል።

ይሁን እንጂ በዐፈር ውስጥ ወዳጅም ጠላትም ስለሚኖር፥ ተክሉ ደጁን ለወዳጁ ብቻ መክፈት ይገባዋል። በዚህ ጊዜ መልእክት የሚያደርሰው ካልሲየም ነው። በተክል ሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከሕዋሱ ውጭ ካለው ጋር ሲመዛዘን 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ፥ ጥቂት እንኳ ቢጨመርበት ለውጡ ፈጥኖ ይታወቃል። ወዳጁ ባክቴሪያ ምልክቱን ወደ ሥሩ ፀጕር በላከ ጊዜ፥ በሕዋሱ ኒውክሊየስ ዙሪያ ያለው ካልሲየም በየደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህንንም የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአልፋልፋ ሥር ላይ ተመልክተው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ. ም. ለዓለም አስታወቁ። ይህን የካልሲየም ምት የሚያነብ አንድ ፕሮቲን አለ። በ2006 ዓ. ም. የወጡ ጥናቶችም፥ ፕሮቲኑ ምልክት ሳይጠብቅ ሁልጊዜ እንዲሠራ ቢደረግ፥ ባክቴሪያ በሌለበት እንኳ ሥሩ እባጭ እንደሚያወጣ አስረዱ።

ከዚህ ታላቅ ተስፋ ተወለደ። ሩዝን የመሰሉ የእህል ሰብሎች ከጠቃሚ ፈንገሶች ጋር የሚወዳጁት በዚሁ በካልሲየም መንገድ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት እነርሱንም ናይትሮጅን ከሚያዘጋጀው ባክቴሪያ ጋር ለማወዳጀት ይደክማሉ። ነገር ግን እባጭ ማብቀል ብቻውን አይበቃም፤ ባክቴሪያው ወደ ውስጥ ሊገባ፥ ሥራውን እንዳያሰናክልበትም ከብዙ ኦክሲጅን ሊጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ የስንዴ ወይም የሩዝ ዘር ከገበሬ እጅ ገና አልደረሰም።

እንግዲህ አገራችን ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ ስለ ሆነች፥ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ተስፋው እስኪፈጸም ድረስ በእጃችን ያለውን አንናቅ። ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ በየተራቸው ይዘሩ፤ ለዘሩ የሚስማማው ባክቴሪያ ያለበት ሕይወታዊ ማዳበሪያም ለገበሬው በጊዜው ይድረስ። ወጣቶቻችንም ይህን ዕውቀት ከምንጩ ይማሩ፤ የራሱን ሰብል ጠባይ ያልመረመረ ሕዝብ ነገ የሚሻለውን ዘር ከሰው ደጅ መለመኑ አይቀርምና።