ምሕረት ለበቁት ብቻ ነው? ከየካ እስከ እንጦጦ የሚሰሙ ተረቶችና እውነታቸው

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር የእንጦጦ ዳገት በነጠላ ይነጣል። በዚያ ቀን ከሚተረኩት አንዱ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ በተአምረ ማርያም እንደተጻፈው 78 ሰው በልቶ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ የተማረ ሰው። ይህን እየሰማ እንባውን የሚያብሰው ምእመን ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ግን ምሕረትን ለጻድቃን ብቻ የተመደበች ያስመስላታል። አራት አባባሎችን እንይ።

«ለቁርባን ገና አልበቃሁም።» እሑድ ጠዋት የካ ሚካኤልም ሆነ ሌላ ደብር ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ያውቀዋል፤ ለመቁረብ የሚቀርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ጎልማሳው ዳር ቆሞ ያያል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ቆርቤ ብሳሳትስ?» ይላል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሳይገባው የሚቀበል ዕዳ እንዳለበት ጽፎላቸዋል። ነገር ግን እዚያው ላይ ያዘዘው ሰው ራሱን መርምሮ እንዲበላ ነው እንጂ መርምሮ እንዲቀር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ንስሐ መግባትን፣ ከተጣሉት ጋር መታረቅንና ሥርዓቱን መጠበቅን ነው። ኃጢአት የማያውቀው ሰው ብቻ ይቅረብ ቢባል ቀዳሹም አይቀርብም፤ በቅዳሴው ውስጥ ካህኑ ለራሱም በደል ምሕረት ይለምናል።

ከቆረቡ በኋላ መውደቅስ? ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ፣ ተመልሶ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ተሰጠው። ስንክሳሩ ሰኔ 24 የሚያስበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር፤ ሚያዝያ 6 የምትታሰበው ማርያም ግብጻዊት ደግሞ ወጣትነቷን በዝሙት ያሳለፈች ሴት ናት። ሁለቱንም ዛሬ ቅዱሳን እንላቸዋለን። «ስሸመግል እቆርባለሁ» የሚለው ሰው እንግዲህ ሞት ቀጠሮ የሰጠው ነው የሚመስለው።

«ቀኖና የኃጢአት ዋጋ ነው።» ንስሐ አባቱ የሰጡትን ጾምና ስግደት እንደ ትራፊክ ቅጣት ከፍሎ የሚገላገል አለ። በዕለተ ስቅለት ማታ፣ ካህናቱ በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ የስግደት ቁጥር ሲያዝዙ፣ «ስንት ደረሰብህ?» እየተባባሉ የሚወጡትን ማየት ነው። በዚያው ዕለት የሚታሰበው በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ግን አንድም ስግደት ለመስገድ ጊዜ አልነበረውም፤ ገነት ገባ። ዘኬዎስንም ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን አይስተውም። ጌታ መጀመሪያ ቤቱ ገባ፤ ቀራጩ የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀኖና እንግዲህ ምሕረት ያገኘ ሰው ከክፉ ልማዱ የሚላቀቅበት ልምምድ ነው። ካህኑም ሲናዝዝ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነው የሚለው፤ በገንዘብ የሚሸጠው ይቅርታ የለውም።

«ምሕረት ካለ እንደ ፈለግሁ ልኑር።» ይህኛው አጭር መልስ ይበቃዋል። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የሚታሰበው መጻጉዕ ከ38 ዓመት ሕመሙ የተፈወሰው ያለ ምንም ክፍያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ እንዳይበድል ታዟል።

«ጠበልተኛ ኃጢአቱን የሚከፍል ሰው ነው፤ መድኃኒት ከዋጠም ጠበሉ አይሠራለትም።» ብዙ ሰው የጎዳው ይህ ነው። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ጠበል ወጡ፤ ከቤተሰብ ተገልለው እዚያው የቀሩም ነበሩ። ቫይረሱ ያለበትን ሁሉ «የእጁን አገኘ» ማለት የተለመደ ነበር። ቫይረሱ ከባሏ የተላለፈባት ሚስትና ከቫይረሱ ጋር የተወለደው ሕፃን ምን አጠፉ? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁትም ይህንኑ ነበር፦ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት? ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ፤ በሰሊሆም ጠበል እንዲታጠብም ላከው። የመጻጉዕ ሕመም ከበደል ጋር ቢያያዝም የኢዮብና የዚህ ዕውር ግን አልተያያዘም። የታመመን ሰው ኃጢአት ከሕመሙ እናነባለን ማለት እንግዲህ ድፍረት ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር አንዳንድ ሕሙማን «ወይ ጠበል ወይ ክኒን» ተብለው ክኒኑን አቋረጡ። መድኃኒቱ በየቀኑ ካልተወሰደ ቫይረሱ ተመልሶ ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ በይፋ ተናገሩ። አዲስ ትምህርት አልነበረም። በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ የሚቆጠረው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር ይላል፤ ጳውሎስም ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን አዝዞለታል። ክኒን የዋጠ ሰው እምነቱ ጎደለ የሚል ሁሉ ከጳውሎስ ጋር ይከራከር።

ወደ ጠበል የሚወጣ ዘመድ ያላችሁ መድኃኒቱን መያዙን ሳታረጋግጡ አትሸኙት። «ክኒኑን ጣል» የሚለው ሰው ከገጠመውም ንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ያማክር።