ጫት ቡናን የቀደመበት ቀን

ባለፈው ክረምት ለክፍል ሥራ የሚሆን ሐተታ ልጽፍ ወደ ገለምሶ ስሄድ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ገበሬው ከጫት የሚያገኘው ገቢ ከቡናው የበለጠው መቼ ነው? አጎቴ «ደርግ እንደወደቀ ነው» አሉኝ። ጎረቤታቸው ደግሞ «የለም፣ የቡና ዋጋ የሞተ ጊዜ ነው» አሉ። ለጎረቤትየው የሚመሰክር ቁጥር አለ። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1997 በፓውንድ 134 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር፤ በ2001 ወደ 46 ሳንቲም ወርዷል። ጨርጨር ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ኤክሴል ላይ ሁለት መስመር ሠራሁ፤ ቡናው በፈረሱላ፣ ጫቱ በዙርባ። መለኪያቸው ስለማይገናኝ የቡናውን ዋጋ በግራ፣ የጫቱን በቀኝ በኩል አሰፈርኩ። መስመሮቹ አምሮባቸው ተቋረጡ! ርእሱን ሁሉ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ከዚያ የቀኙን መለኪያ ከፍተኛ ቁጥር ስቀይረው መገናኛው ሁለት ዓመት ሸሸ። ደግሜ ስነካካው ጭራሽ ጠፋ። ይሄ እንግዲህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትልቅ ወጥመድ ነው፤ ግራና ቀኝ የተለያየ መለኪያ ባለው ግራፍ ላይ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ቦታ የሚወስነው ሥዕሉን የሠራው ሰው ነው። ሁለቱም በአንድ መለኪያ መቀመጥ አለባቸው፤ ለምሳሌ ከሩብ ሄክታር መሬት በዓመት ወጪ ተቀንሶ የተገኘ ብር።

እስቲ እኔ ለማሳያ የፈጠርኳቸውን (የገበያ ያልሆኑ) ቁጥሮች እንውሰድ። ኅዳር 1 ቀን 1992 ቡናው 3000 ብር፣ ጫቱ 2400። በዓመቱ ቡናው 2000፣ ጫቱ 2900። በአራተኛው ዓምድ ከቡናው ላይ ጫቱን ስንቀንስ መጀመሪያ 600፣ ቀጥሎ ማይነስ 900 ይመጣል። ምልክቱ ስለዞረ መገናኛው በሁለቱ መካከል ነው። ጠቅላላ ለውጡ 1500 ነው፤ 600ን ለ1500 ስናካፍል 0.4 ይሆናል። ይህን በ365 ቀን ስናባዛ 146 ቀን፣ ማለትም መጋቢት 27 ቀን 1992 ላይ ያደርሰናል።

መረጃው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ምልክቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ያኔ ኤክሴል «ስሎፕ» እና «ኢንተርሴፕት» በሚላቸው ፎርሙላዎች ለእያንዳንዱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት ይቻላል። ከቡናው ኢንተርሴፕት የጫቱን፣ ከጫቱ ስሎፕ የቡናውን ቀንሶ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈል ነው።

ታዲያ «መጋቢት 27» ብሎ ማተም ይቻላል? ቡና የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል። በመጋቢት ገበሬው የሚለቅመው ቡና የለም፤ በሁለቱ ኅዳሮች መካከል ያሰመርነው መስመር የእኛው ግምት ነው። በሐቅ መጻፍ የሚቻለው «በሁለቱ ምርቶች መካከል» የሚለው ብቻ ነው። የዘመን አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ እ.ኤ.አ. 2001ን ዝም ብሎ 1993 ያለ ሰው ከመስከረም በኋላ ያሉትን ወራት ከሌላ ዓመት ጋር ይደባልቃል።

አጎቴን የገቢ ደብተር ጠየቅኳቸው፤ የላቸውም። ቡናውን የነቀሉበትን ዓመት ግን አልረሱም፤ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ልጃቸው የተወለደችበት 1995 ነው። ጫቱን በቡናው መሐል የተከሉት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ጫት ደግሞ ተተክሎ ለቆረጣ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ መስመሮቹ ሳይገናኙ በፊት ቆርጠው ነበር ማለት ነው። «ምን አይተው ነው?» ስላቸው «የጎረቤቴን ቆርቆሮ» አሉኝ።