ውሃው ካልተነቃነቀ ዳክዬ አትወርድም

በአሜሪካ የአርካንሳስ ግዛት፣ ስቱትጋርት በምትባለው የሩዝ ገበሬዎች ከተማ አካባቢ፣ በታኅሣሥ ወር ጎህ ሲቀድ፣ ውሃ በተኛበት የኦክ ደን ውስጥ እስከ ጭኑ ጠልቆ፣ ጀርባውን ለዛፍ ግንድ ሰጥቶ የቆመውን አዳኝ ያየ እንግዳ ሰው፣ የሚሠራው ሥራ ግራ ሳያጋባው አይቀርም፤ ይኸውም የዳክዬዎች ክንፍ ፉጨት ከዛፎቹ ጫፍ በላይ በተሰማ ቁጥር፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ሳያቀና፣ እጁንም ከጠመንጃው ሳያነሣ፣ በአንድ እግሩ ብቻ ውሃውን ይመታል። ውሃው ከእግሩ ሥር እየተነሣ፣ ክብ በክብ እየሆነ በግንዶቹ መካከል ይስፋፋል፤ ፊት ለፊቱ የተንሳፈፉት የፕላስቲክ ዳክዬዎች ይወዛወዛሉ፤ በቅርንጫፎቹ መካከል የሾለከውም ብርሃን በውሃው ላይ ይሰባበራል። ከላይ የሚዞረው መንጋ ግንዱን የተጠጋውን ሰው አያስተውልም፤ የሚያስተውለው የሚናወጠውን ውሃ ነው፤ ውሃ ተናወጠ ማለትም በዳክዬ ልማድ ወገኖች ወርደው እየተመገቡ ነው ማለት ነው።

ለዳክዬ ይህን ያህል መድከም ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ይሆንበት ይሆናል። የሰሜኑን አገር ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች በየዓመቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ቢመጡም፣ ምእመኑ በልማዱ ጣቶቹ በስስ ቆዳ የተያያዙትን የውሃ ወፍ ወደ ድስቱ አያስጠጋምና፣ ዳክዬን የምናውቃት በሐይቅ ዳር ስናያት ነው እንጂ በማዕድ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ግን ነገሩ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት የነበረ ጥንታዊ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በኔቫዳ ግዛት ላቭሎክ በሚባለው ዋሻ ውስጥ የተገኙት፣ ዕድሜያቸው ወደ 2000 ዓመት የሚገመተው 11 ምስለ ዳክዬዎች፣ የጣና ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ጋር በሚመሳሰል የረግረግ ተክል የተጎነጎኑ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ቀለም ተቀብተው ላባ ለብሰዋል። እነርሱን የጎነጎነው ጠቢብ በእጁ ያበጀው መልክን ነበር፤ እንቅስቃሴን ግን ከነፋስና ከሞገድ ይለምን ነበር፤ የዛሬውም አዳኝ ከዚህ ልመና ፈጽሞ አልወጣም።

መልክ ብቻውን ስለ ምን አይበቃም ቢባል፣ ምክንያቱ የሚገኘው በወፏ ዓይንና በመንጋው ጠባይ ላይ ነው። የዳክዬ ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ የተተከሉ ስለ ሆኑ፣ አንገቷን ሳታዞር ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ ቀለም በመለየትም ሰውን ትበልጠዋለች። ያረፈ መንጋ ደግሞ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አደብ የለውም፤ አንዷ አንገቷን ወደ ውሃው ትሰዳለች፣ ሌላዋ ክንፏን ታራግፋለች፣ አንዱ ወንድ ሌላውን ያባርራል፣ ከሁሉም ሥር ቀለበት የመሰለ ሞገድ ሳያቋርጥ ይወጣል። መንጋው ዝም የሚለው፣ አንገቱንም ቀጥ አድርጎ የሚገተረው፣ ንስር ወይም ቀበሮ ያየ ጊዜ ነው። እንግዲህ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ እንደ መስታወት በተኛ ውሃ ላይ ሃምሳ ምስለ ዳክዬ ደርድሮ የሚጠብቅ አዳኝ፣ ሳያውቀው እዚህ ሞት አለ የሚል አዋጅ አስነግሯል።

የወፍ ኅሊና ለእንቅስቃሴ ምን ያህል ተገዥ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ሙከራ አለ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪዎች ኮንራድ ሎሬንዝና ኒኮ ቲንበርገን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ከካርቶን የተቆረጠ የወፍ አምሳል በአእዋፍ ራስ ላይ በገመድ እየሳቡ አሳለፉ፤ የአምሳሉ አንዱ ጫፍ ረጅም ሌላው አጭር ነበርና፣ ረጅሙ ሲቀድም አንገተ ረጅም ዝይ፣ አጭሩ ሲቀድም ጭራው የረዘመ ጭልፊት ይመስል ነበር። ከሥር የነበሩት ወፎች ይበልጥ የደነገጡት በሁለተኛው ነው። በምክንያቱ ላይ ኋላ የተነሡ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ካርቶኑ ያው፣ መልኩም ያው ሆኖ ሳለ፣ የተለወጠው የሄደበት አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህን እንቅስቃሴ ለማምጣት የአዳኙ የመጀመሪያ ረዳት፣ ደመወዝም የማይጠይቀው፣ ነፋስ ነው። ዳክዬና ዝይ ሲያርፉ ፊታቸውን ወደ ነፋስ ስለሚያዞሩ፣ ዐዋቂው ሰው ነፋሱን በጀርባው አድርጎ፣ በምስሎቹም መካከል ለሚወርዱት እንግዶች ባዶ ቦታ ትቶ ያደፍጣል። ነፋስ በታጣ ቀን የሚተካው ገመድ ነው፤ ይህም ገመድ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹ፣ በእኔ አስተያየትም ብልኃቱ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። አንድ ከባድ ነገር በውሃው ወለል ላይ ይጣላል፤ ከእርሱ ጋር ክንድ የሚያህል ላስቲክ ይታሰራል፤ ከላስቲኩ ረጅም ገመድ ይቀጠልና ሦስት ወይም አራት ምስለ ዳክዬዎች በላዩ ይያዛሉ፤ ጫፉም እስከ ማድፈጫው ድረስ ይመጣል። አዳኙ ሲስበው ምስሎቹ ደረታቸውን ወደ ውሃ እየደፉ ወደ እርሱ ይቀዝፋሉ፤ ሲለቀው ላስቲኩ መልሶ ይጎትታቸዋል፤ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ውሃው እየተረጨ በአካባቢያቸው ያሉትን ያልታሰሩትን ሁሉ ያወዛውዛቸዋል። ጥበቡ ያለው ግን በመሳቡ ሳይሆን በጊዜው ነው። መንጋው ጎኑን ወይም ጭራውን ሰጥቶ ሲዞር ይሳባል፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ገመዱ ይተዋል፤ በዚያች ቅጽበት የሰው ክርን ትንሽ ብትነቃነቅ የሩብ ሰዓት ድካም ከንቱ ይሆናልና። ሌላውን ሲያንቀሳቅስ ራሱ ድንጋይ ሆኖ መቀመጥ ለጀማሪ እጅግ ከባድ ነው።

ለዝይ ደግሞ ጨርቅ አለ። የካናዳ ዝይ የሚታደነው ብዙ ጊዜ በቆሎው በታጨደበት እርሻ ላይ ስለ ሆነ፣ አዳኙ በአገዳ ተሸፍኖ ተጋድሞ፣ በሩቅ ሰማይ እንደ ክር የቀጠነ የዝይ ሰልፍ ሲያይ፣ በዘንግ ላይ የተወጠረውን ጥቁር ጨርቅ አንሥቶ ያርገበግበውና ወደ መሬት ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም ለማረፍ ክንፏን የምታማታ ዝይ ይመስላል። ሰልፉ ወደ እርሱ ከታጠፈ በኋላ ጨርቁ ይደበቃል። ለነጩ የበረዶ ዝይ ግን አንድ ጨርቅ ምንም አይደለም፤ መንጋው በሺህ ስለሚቆጠር፣ ነፋስ ሲገባባቸው ተነፍተው የሚወዛወዙ ነጫጭ ከረጢቶች በመቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ሆነው በእርሻው ላይ ይተከላሉ። ይህ ዝይ ከመጠን በላይ ተባዝቶ በሰሜን ካናዳ የሚራባበትን ምድር ሣሩን ነቅሎ ስላራቆተ፣ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ፣ ለአብዛኞቹ ሌሎች አእዋፍ የተከለከለውን በመሣሪያ የተቀዳ ድምፅ እንኳ ለእርሱ ፈቅዷል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ወገንን በወገን አምሳል ስለ ማባበል ነው። ነገር ግን ዳክዬን በጠላቷ አምሳል የሚጠሩም አሉ፤ ይህም ከሁሉ የሚያስገርም ነው። በሆላንድ አገር፣ ከዚያም በእንግሊዝ፣ ከኩሬ የሚወጡ፣ እየጠበቡ የሚሄዱ፣ መረብ የተከደነባቸው ጠማማ ቦዮች ይሠሩ ነበር፤ በቦዩ ዳር ከሸምበቆ የተሠሩ መጋረጃዎች ይቆማሉ፤ በሆላንድ ኮይከርሆንጄ የምትባለው ነጭና ብርቱካንማ ቀለም ያላት ትንሽ ውሻ፣ ጸጉራም ነጭ ጭራዋን እያወዛወዘች በአንዱ መጋረጃ ጀርባ ገብታ በሌላው ትወጣለች። ዳክዬዎቹም ከመሸሽ ይልቅ ይህች የምትታይና የምትሰወር ፍጥረት ምን እንደ ሆነች ለማወቅ እየተከተሏት፣ ጠባቡ የመረቡ ጫፍ ድረስ ይዋኛሉ። ጠላትን ከዓይን አለማጥፋት ለወፍ ደኅንነት ነው፤ እዚህ ግን ያ ጥንቃቄ ራሱ ወጥመድ ሆነባት። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያም እንዲሁ ቀበሮ የሚመስል ቀይ ውሻ አለ፤ የካናዳ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1945 ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ መዝግቦታል። ጌታው ተሸሽጎ እንጨት ይወረውርለታል፤ እርሱም በባሕሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ሲቦርቅ፣ ራቅ ብለው የተንሳፈፉት ዳክዬዎች ሊያዩት ወደ ዳር ይቀርባሉ፤ ከተተኮሰም በኋላ የወደቀውን ዋኝቶ የሚያመጣው ያው ውሻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ብዙው አዳኝ ልቡ ያዘነበለው ወደ ሞተር ነው። ባትሪ በሆዷ የያዘች ምስለ ዳክዬ በዘንግ ላይ ትቆማለች፤ አንደኛው ገጻቸው ጥቁር፣ ሌላው ነጭ የሆነ ሁለት ክንፎቿ በፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ ነጩና ጥቁሩ ሲፈራረቁ ከሩቅ የሚታይ ብልጭታ ይወጣል፤ ይህም የምታርፍ ዳክዬ ክንፏን ስታማታ ከሥሩ የሚታየውን ነጭ ያስመስላል። መሣሪያው እንደ ወጣ የሠራው ሥራ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ካሊፎርኒያ የአደን ወቅቱ ከሚከፈትበት ቀን እስከ ኖቬምበር ወር መጨረሻ ድረስ ከለከለችው፤ አርካንሳስም ለጥቂት ዓመታት ከልክላው ኋላ ፈቀደችው። ክርክሩ አዲስ አልነበረም፤ አዳኞች ቀድሞ በሕይወት ያሉ፣ እግራቸው የታሰረ ዳክዬዎችን በውሃ ላይ እያስቀመጡ በጩኸታቸው የበረሩትን ያስጠሩ ነበርና፣ የአእዋፉ ቁጥር እየመነመነ ሲሄድ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ከልክሏል። እኔ ብጠየቅ፣ ገመድ የሚስበው ሰው ቢያንስ ሲነጋ ብርድ የያዘው ጣቱን ይከፍላል፤ ባትሪው ግን ምን እንደሚከፍል አላውቅም።

ይሁንና ዳክዬዎቹ የራሳቸውን ፍርድ ይሰጣሉ። በዚያው ዓመት የተፈለፈለው ጫጩት በመጀመሪያው ወር ወደ ብልጭታው ዘሎ ይገባል፤ ከካናዳ ተነሥቶ፣ በየሐይቁና በየሩዙ እርሻ ላይ የሚሽከረከር ክንፍ እያየ፣ የጥይት ድምፅም አብሮ እየሰማ ወደ ደቡብ የወረደው ግን፣ ጥር ሲደርስ ያን ብልጭታ ከሩቅ አይቶ ወደ ላይ ይመነጠቃል። በዚያን ጊዜ አዳኙ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ክንፎቹን ነቅሎ ከረጢት ውስጥ ይከታቸውና፣ ከጀልባው ወለል ላይ እርጥቡን ገመድ አንሥቶ ቋጠሮውን በጥርሱ መፍታት ይጀምራል።